ጠርሙሱ ከሲኒዎቹ ኋላ፦ ለአስታማሚ ቤተሰብ በሞባይል አጭር ድራማ ለመሥራት ዝርዝር መመሪያ

ከጥቂት ዓመት በፊት ጅማ ውስጥ አንድ ቤት ገባሁ። እናትየው የማኅፀን በር ካንሰር ታመው፣ ሕክምናው አልበቃ ብሏቸው፣ አልጋ ላይ ናቸው። የምታስታምማቸው ልጃቸው ናት። የሕመም ማስታገሻውን፣ ሞርፊኑን፣ በየአራት ሰዓቱ እንድትሰጣቸው ሦስት ጊዜ ነግሬያታለሁ፣ ወረቀት ላይ ጽፌላታለሁ፣ መልሳም አንድ ሳታዛንፍ ነግራኛለች። እናትየው ግን የተቀበሉኝ የትራሱን ጫፍ ነክሰው ነው። «ጠርሙሱ የታለ?» ስላት ልጅቱ ቡፌውን ከፈተችና ከሲኒዎቹ ኋላ አወጣችው። ተከፍቷል፣ አልጎደለም።

ለምን እንደሆነ ስጠይቃት «እኔ ገደልኳት እንዳልባል ነው፣ ሲስተር» አለችኝ።

ይህች ልጅ የምታውቀውን ነገር አራተኛ ጊዜ ብነግራት ምንም አይጠቅማትም ነበር። የጎደላት በአክስቷ፣ በጎረቤቷና በእናቷ መካከል ስትቆም አፏ ላይ የሚመጣ ቃል ነው። ድራማ መሥራት የጀመርኩት ከዚያ በኋላ ነው። በራሪ ወረቀት «በየአራት ሰዓቱ» ይላል፤ አክስትየዋ በሹክሹክታ የምትለውን ግን አይመልስም።

ሆስፒስ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ሕንፃ ነው። ሲስሊ ሳንደርስ እ.ኤ.አ. በ1967 ለንደን ላይ የሴንት ክሪስቶፈርን ሆስፒስ ስትከፍት በእርግጥ ሕንፃ ነበረው። ሐሳቡ ግን በሽታው የማይድን ሰው ሥቃዩ እንዲቀል፣ ቤተሰቡም አብሮ እንዲደገፍ ነው፤ ይህ ደግሞ ቤት ውስጥም ይሆናል። በእኛ አገር እ.ኤ.አ. በ2003 አዲስ አበባ ላይ የተመሠረተው ሆስፒስ ኢትዮጵያም ሕመምተኛን ቤቱ ድረስ ሄዶ ይረዳል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚለው በዓለም ላይ ይህ እንክብካቤ ከሚያስፈልገው ሰው የሚያገኘው 14 በመቶ ያህሉ ብቻ ነው። ቀሪው ሌሊቱን የሚያነጋው ከልጁ፣ ከሚስቱ፣ ከእህቱ ጋር ነው።

መመሪያው ለነርስ፣ ለጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ፣ ለጤና ተማሪና ለሰፈር የቲያትር ክበብ ይሆናል። አንድ ደህና ስልክ፣ ከአምስት እስከ ሰባት ሰው፣ ከአንድ ወር የማያንስ ጊዜ ያስፈልጋችኋል።

1ኛ ደረጃ፦ አንድ ስህተት ምረጡ

አንድ ብቻ። እኛ የመጀመሪያው ፊልም ላይ ሞርፊኑንም፣ የአልጋ ቁስሉንም፣ አመጋገቡንም፣ ጸሎቱንም አጨቅንበት፤ 22 ደቂቃ ሆነ። አይተው ሲጨርሱ ምን እንዳስታወሱ ስንጠይቅ አንዲት እናት «ያቺ ልጅ የለበሰችው ሹራብ ያምራል» አሉን። ይገባናል።

ስህተቱን ከመጽሐፍ አታውጡት፤ ከአስታማሚ አፍ ልቀሙት። ከስምንት እስከ አሥር አስታማሚ ጋር ቁጭ በሉ። የሆስፒታል ኮሪደር ላይ ፌስታልና ቴርሞስ ይዘው የሚያድሩትን ታውቋቸዋላችሁ፤ ቤት ያሉትን ደግሞ የቀበሌው የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ታውቃቸዋለች። «ምን ማወቅ ይፈልጋሉ?» ብላችሁ ብትጠይቁ መልሱ «ሁሉንም» ነው፤ ለድራማ አይሆንም። «ትናንት ሌሊት ምን ሆነ?» በሉ። ያኔ ሰውየው ይተነፍሳል፤ ሻማው መቼ እንዳለቀ፣ ማን እንደተቆጣ፣ ማን እንዳለቀሰ ይነግራችኋል። የተናገሩትን በራሳቸው ቃል ጻፉ። «ሕመምተኛዋ ምግብ አልተቀበለችም» ብላችሁ አትጻፉ፤ «አፏን ገጥማ እንቢ አለችኝ፣ በማንኪያው ፈለቀቅሁት» ብላችሁ ጻፉ። ድራማው ያለው «ፈለቀቅሁት» የምትለው ቃል ውስጥ ነው። ድምፅ መቅዳት ከፈለጋችሁ ቀድማችሁ አስፈቅዱ።

እኔ በብዛት የሰማኋቸው እነዚህ ናቸው፦ ሞርፊን መደበቅ ወይም ሕመሙ እስኪብስ መጠበቅ፤ አጥሚት በግድ ማጠጣት፤ «እንዳያማት» ብሎ ሳያገላብጡ ማቆየት፤ የቁስል ጠረን ሲመጣ እጣን አጭሶ ዝም ማለት፤ ለሕመምተኛው በሽታውን መደበቅ፤ የአስታማሚዋ የራሷ መድከም። አንዱም የክፋት አይደለም፤ ሁሉም ከመውደድ ይጀምራል። ፊልማችሁ ይህን ካልያዘ ተመልካቹ እንደተሰደበ ይሰማዋልና ጆሮውን ይዘጋል።

ለሕመምተኛ ስለ በሽታው መንገርን የመጀመሪያ ፊልማችሁ አታድርጉት። መርዶ እንኳ በወግና በሰዓቱ በሚነገርበት አገር ይህን በአምስት ደቂቃ እፈታለሁ ማለት ድፍረት ነው። እጃችሁ ሲፈታ ትመጡበታላችሁ።

2ኛ ደረጃ፦ የሐቅ ገጽ አዘጋጁ

ስክሪፕት ከመጻፋችሁ በፊት ፊልሙ ትክክል ነው የሚለውን ሁሉ አንድ ገጽ ላይ አስፍሩ። ሐኪም ወይም የማስታገሻ ሕክምና የሠለጠነ ነርስ፣ መድኃኒት ካለበት ደግሞ ፋርማሲስት አንብቦ ይፈርምበት። ፊርማውን የምፈልገው ለቢሮክራሲ አይደለም፤ ቀረጻ መሐል ተዋናይ «እንዲህ ብንለውስ?» ሲል የሚመለስበት ገጽ እንዲኖር ነው።

ስለ ሞርፊን ገጹ ላይ ሊኖር የሚገባው ይህን ይመስላል። በአፍ የሚወሰደው ፈሳሽ ሞርፊን የሚሠራው አራት ሰዓት ገደማ ስለሆነ ሕመሙ ሳይመለስ በሰዓቱ ይሰጣል፤ «ሲያማት ልስጣት» የሚለው አካሄድ ሕመምተኛዋን ሁልጊዜ ከሕመሙ ኋላ ያስሮጣታል። የመጀመሪያዎቹን ሁለትና ሦስት ቀናት እንቅልፍ እንቅልፍ ሊላት፣ ሊያቅለሸልሻትም ይችላል፤ አብዛኛውን ጊዜ ያልፋል። የሆድ ድርቀቱ ግን አያልፍም፤ ስለዚህ የሚያለሰልስ መድኃኒት፣ ለምሳሌ ቢሳኮዲል፣ አብሮ መታዘዝ አለበት። ለሕመም በትክክል የታዘዘ ሞርፊን ሰውን ሱሰኛ የሚያደርገው እምብዛም ነው፣ ሞትንም አያቀርብም። ሰው እንደዚያ የሚያስበው መድኃኒቱ ብዙ ጊዜ የሚጀመረው ዘግይቶ፣ በመጨረሻዎቹ ቀናት ስለሆነ ነው፤ ጠርሙሱና ሞት አንድ ሳምንት ውስጥ ቤት ሲገቡ ጥፋቱ ጠርሙሱ ላይ ይወድቃል። ሕመምተኛዋ ተቀስቅሳ የማትነቃ ከሆነ ወይም አተነፋፈሷ በጣም ከዘገየ ግን ቀጣዩን ሳይሰጡ ወዲያው መደወል ያስፈልጋል። ይህም ፊልሙ ውስጥ ይግባ፤ ደስ የሚለውን ብቻ የሚናገር ፊልም አንድ ቀን ይጋለጣል።

ስለ ሰዓት አንድ ነገር። ወረቀቱ ላይ «6፣ 10፣ 2» ተብሎ በፈረንጅ አቆጣጠር የተጻፈለት ቤተሰብ በእኛ 6 ሰዓት፣ ማለትም እኩለ ቀን ላይ ሲሰጥ አይቻለሁ። በእኛ አቆጣጠር በየአራት ሰዓቱ ማለት 12፣ 4፣ 8፣ ደግሞ 12፣ 4፣ 8 ነው። አንዴ የሰማው ሰው አይረሳውም። ስልክ 6፡00 እያለ ሰው 12 ስለሚል ፊልሙ ላይ የስልክ ሰዓት አታሳዩ፤ የግድግዳ ሰዓት አሳዩ፣ ተዋናይዋም በቃሏ ትበለው።

ሌሎቹን በአጭሩ ላስቀምጥ። ማገላበጥ፦ ራሱ መዞር የማይችል ሰው በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣል፤ የቀላ ቆዳ አይታሽም፤ ሕመምተኛው አይጎተትም፣ አንሶላ በአራት አጥፎ ከሥሩ አስገብቶ ሁለት ሰው ያነሳዋል። ምግብ፦ ሕይወት ወደ መጨረሻዋ ስትጠጋ ርሃብና ጥም ይቀንሳሉ፤ በግድ የተጠጣ አጥሚት ሳንባ ውስጥ ሊገባ ይችላል፤ አፍን በንጹሕ እርጥብ ጨርቅ ማርጠብና ከንፈርን ቫዝሊን መቀባት ይሻላል። የትንፋሽ ማጠር፦ ቀና አድርጎ በትራስ መደገፍ፣ መስኮት መክፈት፣ ፊትን ማራገብ። የሚሸት የካንሰር ቁስል፦ ፈልቶ በቀዘቀዘ ውኃ፣ ግማሽ ሊትሩ ላይ አንድ የሻይ ማንኪያ ጨው ተጨምሮበት ይታጠባል፤ ሐኪም ሲያዝ ፍላጅል የሚባለው ኪኒን ተፈጭቶ ቁስሉ ላይ ይነሰነሳል፣ ጠረኑን ይቀንሳል። የመጨረሻዎቹ ሰዓታት፦ እጅና እግር ይቀዘቅዛል፣ ትንፋሽ እየቆመ ይመለሳል፣ ጉሮሮ ላይ ድምፅ ይሰማል፤ በጎን ማስተኛት ይረዳል። ያን ጊዜም እንደሚሰሙ ቆጥሮ ማናገር ነው።

3ኛ ደረጃ፦ ስክሪፕቱን ጻፉ

ሦስት ሕግ አለኝ። የሚሳሳተው ሰው ከሁሉም በላይ የሚወድ ይሁን። ስህተቱን የምትገፋፋው አክስት ወይም ጎረቤት ክፉ አትሁን፤ ተመልካቾቻችሁ አብዛኞቹ አክስቶች ናቸው። ነጭ ጋወን የለበሰ ሰው መጥቶ ችግሩን አይፍታ፤ ሌሊት ስምንት ሰዓት ላይ ማንም ነጭ ጋወን አይመጣም።

ፊልሙን ሁለት ቦታ ክፈሉት። የመጀመሪያው አምስት ደቂቃ ገደማ ሆኖ ስህተቱ ሊፈጸም ሲል ወይም ሲፈጸም ይቆማል። ከዚያ ሰዉ ይነጋገራል። ሁለተኛው፣ ሦስት ደቂቃ የሚሆነው፣ ከውይይቱ በኋላ ይታያል። ስክሪፕት ስትጽፉ አንድ ገጽ አንድ ደቂቃ ነው ብላችሁ ገምቱ።

ከእኛው ትዕይንት 3ን ልገልብጥላችሁ።

*ሳሎን። ሌሊት። መብራት ጠፍቷል፣ አንድ ሻማ። እናት አልጋ ላይ፤ ልጅ በርጩማ ላይ።*

እናት፦ ስንት ሰዓት ሆነ?

ልጅ፦ አራት ሊሆን ነው እማዬ። ትንሽ ታገሺ።

እናት፦ እየታገስኩ እኮ ነው።

*አክስት ልጅቱን በእጇ ጠርታ ወደ በሩ ታስጠጋታለች። ሹክሹክታ።*

አክስት፦ ያን ነገር አሁንም ልትሰጫት ነው?

ልጅ፦ ሲስተር በየአራት ሰዓቱ ብላኛለች።

አክስት፦ ልብ ያደክማል ይላሉ። እዚያ ታች ያለው ልጅ እሱን ከጀመረ ሳምንት ቆየ?

ልጅ፦ እሷ ግን ስታስረዳኝ...

አክስት፦ ሲስተር ነገ ሌላ ቤት ትሄዳለች የኔ ልጅ። የምንቀረው እኛ ነን።

*ልጅ ጠርሙሱን ታየዋለች። እናት ከአልጋው ላይ ምንም አትልም። ቡፌው ይከፈታል። ሲኒ ከሲኒ ሲጋጭ ይሰማል። ቡፌው ይዘጋል።*

እዚህ ላይ ቆርጠነዋል። «የምንቀረው እኛ ነን» የሚለውን እኔ አልጻፍኩትም፤ ኮሪደር ላይ ከተቀመጡ አንድ እናት የሰማሁት ነው። እንዲህ ያለ ቃል ስታገኙ አትንኩት፣ አታሳምሩት።

ሁለተኛው ክፍል ላይ ተመልካቹ የሚጠብቀው ልጅቱ ተነስታ አክስቷን እንድታስተምር ነው። ይህ ትምህርት ይሸታል። እኛ አክስትየዋን አልጋው ጠርዝ ላይ አስቀመጥናት። እህቷ ሕመሙ ሲነሳባት የአክስትየዋን እጅ ጭምቅ ታደርጋለች፤ አክስትየዋ ጣቷ እስኪነጣ ዝም ብላ ትቆይና «አምጪው» ትላለች። ከዚህ ሌላ አትናገርም። በማግስቱ እናትየው ቀና ብለው «የቡና ሽታ ነው?» ይላሉ። አልዳኑም፤ እንደዳኑ አታስመስሉ። ተመልካቹ ቤት የተኛውም አይድንም፤ ከዋሻችሁት ሌላውንም አያምናችሁም። የሆድ ድርቀቱንም እዚሁ አስገባነው፤ አክስትየዋ ራሷ፣ አሁን መድኃኒቱን የተቀበለችው፣ «ሆዷስ? ያኛውን ኪኒን ሰጠሻት?» ብላ ልጅቱን ትጠይቃታለች።

የመድኃኒቱ መጠን በቁጥር አይነገር፣ ሲለካም ቁጥሩ አይታይ። የአንዱ ልክ ለሌላው አይሆንም፤ ፊልም ደግሞ ከእጃችሁ ከወጣ በኋላ የት እንደሚደርስ አታውቁም።

4ኛ ደረጃ፦ ቋንቋና ቤት

ጅማ ውስጥ አንድ ግቢ ውስጥ አማርኛና አፋን ኦሮሞ እየተቀያየሩ ይነገራሉ፤ ወደ ሰቃ ወይም ወደ ዴዶ ስትወጡ አፋን ኦሮሞ ብቻ የሚሰማ ቤት ብዙ ነው። ስለዚህ ሁለት ቅጂ ሥሩ። በላዩ ድምፅ መጫን አይሆንም፤ ሹክሹክታ ከከንፈር ጋር ሳይገጥም ሲቀር ሰው ይስቃል፣ ሊስቅ የማይገባው ቦታ ላይ። ሁለቱንም የሚናገሩ ተዋንያን ምረጡና እያንዳንዱን ትዕይንት በአንዱ ጨርሳችሁ ወዲያው በሌላው ድገሙት። መብራቱና ዕቃው እዚያው ነውና የሚጨምርባችሁ ግማሽ ቀን ነው። አፋን ኦሮሞውን ከአማርኛው ቃል በቃል አታስተርጉሙ፤ ተዋንያኑ ሐሳቡን ይዘው በራሳቸው አነጋገር ይበሉት፤ ከሐቁ ገጽ ጋር ግን አስተያዩት።

ቤቱ የሙስሊምም የክርስቲያንም ሊሆን ይችላል፤ ከሁለት አንዱን ከመምረጥ ሁለት ጎረቤት አስገቡ፣ አንዱ ዱዓ ሲያደርጉ ሌላው ጸበል ይዘው ሲመጡ። ሁለቱንም ከመድኃኒቱ ጋር አታጣሉ። እምነትን የሚገፋ ድራማ ከሰዉ አንድ ቀን እንኳ ዕድሜ አያገኝም፤ መግፋትም አያስፈልገውም።

5ኛ ደረጃ፦ ሰውና ፈቃድ

እውነተኛ ሕመምተኛ አትቅረጹ። ፈቃደኛ ቢሆኑም፣ ፊታቸው ባይታይም። ሰውየው ካረፈ በኋላ ልጁ ቴሌግራም ላይ የአባቱን እጅ ሊያገኘው ይችላል። የሰማችሁትንም ታሪክ እንዳለ አትውሰዱ፤ የሦስት ቤት ታሪክ አደባልቁ፣ ሰፈሩንና የቤተሰቡን አሠራር ቀይሩ። ጅማ ትንሽ ከተማ ናት፤ «ይሄ የእነ እንትና ቤት ነው» ለመባል አንድ መጋረጃ ይበቃል።

ለእናትየዋ ቦታ አልጋ ላይ ዝም ብሎ መተኛት የሚችል ሰው ፈልጉ፤ ከሁሉ የሚከብደው ድርሻ እሱ ነው። ተዋንያኑን በቅርብ ሰው አስታመው እንደሆነ ቀድማችሁ ጠይቁ። አስታመው ከሆነ አይከለከሉም፣ እንዲያውም የተሻሉ ናቸው። ነገር ግን ቀረጻው ካለቀ በኋላ ቡና አፍሉና ሳይቸኩሉ ይበተኑ። እኛ ዘንድ አንዷ ከትዕይንት 3 በኋላ ሁለት ሰዓት አለቀሰች፤ ባጃጅ ጠርተን ልንሸኛት ነበር፣ ደግነቱ አልተውናትም።

ሆስፒታል ወይም ጤና ጣቢያ ውስጥ ከቀረጻችሁ የጽሑፍ ፈቃድ ያዙ። ሥራው ለጥናት ከሆነ ቀድሞ የሥነ ምግባር ገምጋሚ ቦርድ ይየው። እውነተኛ ሞርፊን ለቀረጻ አይያዝም፤ ባዶ የሽሮፕ ጠርሙስ ውስጥ ውኃ ይበቃል።

6ኛ ደረጃ፦ ቀረጻ

ከምስል ይልቅ ድምፅ ያስቸግራል። ጅማ ዝናቧ ረጅም ነው፤ ቆርቆሮ ላይ ሲወርድ ከሹክሹክታ ምንም አይተርፍም። ከጥቅምት እስከ ጥር ያለው ጊዜ ይመረጣል፤ ያኔ ደግሞ የቡና ለቀማ ስለሆነ ገጠር ያለውን ሰው ቤቱ አታገኙትም። ስለዚህ ቀረጻው ከተማ ውስጥ ይሁን፣ ማሳየቱ ለቀማው ሲቀዘቅዝ። የመስጊድና የቤተ ክርስቲያን ድምፅ ማጉያ የሚሰማበትን ሰዓት አስቀድማችሁ ጻፉ፤ ባጃጁን ግን ምንም አታደርጉትም፣ ሲያልፍ ጠብቁና ድገሙ።

የአንገት ማይክ ካላችሁ ጥሩ። ከሌላችሁ ሁለተኛ ስልክ ድምፅ መቅጃው ላይ አድርጋችሁ አንሶላው እጥፋት ውስጥ፣ ከተናጋሪው ክንድ በማይርቅ ቦታ ደብቁት። ሁለቱም ስልኮች መቅዳት ሲጀምሩ አንድ ጊዜ አጨብጭቡ፤ ስታቀናብሩ ድምፁንና ምስሉን የምታገጥሙት በዚያ ጭብጨባ ነው። ሁለቱንም በረራ ሞድ ላይ አድርጓቸው። ባዶ ቤት ያስተጋባል፤ ከካሜራ ኋላ ያለው ግድግዳ ላይ ጋቢና ብርድ ልብስ ስቀሉ።

ስልኩን አግድም ያዙት። ትራይፖድ ከሌለ የእኛ የጅማ በርጩማ ልክ ነው፦ በርጩማው ላይ ሁለት መጽሐፍ፣ መጽሐፉ ላይ በጎማ የታሰረ ስልክ። ቁመቱ አልጋ ላይ ከተኛ ሰው ዓይን ጋር ስለሚስተካከል ተመልካቹ ሕመምተኛዋን ከላይ ወደ ታች አያያትም፤ ከአልጋዋ አጠገብ የተቀመጠ ይመስለዋል። ይህ ለእኔ ከማንኛውም ካሜራ ይበልጣል።

ብርሃን ከአንድ መስኮት ይምጣ፣ ከጎን። አምፖል ከተጠቀማችሁ ምስሉ ሊርገበገብ ይችላል፤ የእኛ አገር መብራት 50 ሄርዝ ስለሆነ ስልካችሁ የሚፈቅድ ከሆነ በሰከንድ 25 ፍሬም ላይ አድርጉት። የሌሊቱን ትዕይንት በእውነተኛ ሌሊት አትቅረጹ፣ ስልክ ጨለማ ላይ ምስሉን ያበላሻል። ማምሻ ላይ መስኮቱን በጋቢ ሸፍናችሁ ሻማውን ሦስት አድርጉት፣ ሁለቱ ከካሜራ ውጭ።

እጅን ቅረጹ። ማንኪያ የያዘ እጅ፣ አንሶላ የሚያጥፍ እጅ፣ ቡፌ የሚከፍት እጅ። ሰው ከፊልም አይቶ ቤቱ የሚደግመው በእጁ የሚሠራውን ነው፤ ስለዚህ ሙያው ያለበትን ሥራ፣ ለምሳሌ በአንሶላ ማንሳቱን፣ ሳትቆርጡ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ በአንድ ቀረጻ አሳዩት። ነርስ አጠገባችሁ ቆማ ትመልከት።

7ኛ ደረጃ፦ ማቀናበር

ካፕከት ወይም ሌላ የስልክ ማቀናበሪያ ይበቃል። ሙዚቃ አትጫኑ፤ ዋሽንትና ክራር ስር ስሩን ሲያለቅስ ተመልካቹ ማሰቡን ትቶ ማልቀስ ይጀምራል። የሲኒው ድምፅ ይሰማ። በጽሑፍ የሚታይ ነገር ካለ ትልቅና ጥቂት ይሁን፣ ማንበብ የማይችል ሰው ምንም እንዳያመልጠው። መጨረሻ ላይ ፋይሉን ኤምፒ4፣ 720ፒ አድርጋችሁ ከ50 ሜጋባይት በታች አውጡት፤ ኔትወርኩ በቀጠነበት ቀንም ይሄዳል።

ከመልቀቃችሁ በፊት ሁለት ዓይነት ሰው ይየው፦ የሐቁን ገጽ የፈረመው ባለሙያና ሁለት ወይም ሦስት አስታማሚ። አስታማሚዎቹ «እኛ ቤት እንደዚህ አይባልም» ካሉ ከባለሙያው አስተያየት እኩል ክብደት ስጡት።

8ኛ ደረጃ፦ ማሳየት

እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ፊልሙን ዩቲዩብና ቲክቶክ ላይ ጭኖ ተመልካች መቁጠር ይጀምራል። ይጫን፣ አልከለክልም፤ ሚሞሪ የሚጭኑ ሱቆችም ይጫኑላችሁ። ሥራው ያለው ግን ክፍሉ ውስጥ ነው።

ፊልሙ በጣም የሚያስፈልጋት ሴት ከቤት መውጣት የማትችለዋ ናት። ስለዚህ ከምንም በፊት እሷ እስክትመለስ ከሕመምተኛው ጋር የሚቀመጥ ሰው አዘጋጁ። የሰፈሩን እድር ሴቶች ጠይቁ፤ ለቅሶ ከመድረሱ በፊት መድረስ ማለት ይህ ነው ስትሏቸው ይገባቸዋል። ሐሙስ ገበያ ነው፣ ዓርብ ቀትር ጁምዓ፣ እሑድ ጠዋት ቅዳሴ፤ ሌላ ቀን ከሰዓት በኋላ ይመቻል። ቦታው የጎረቤት ሳሎን ይሁን። ፍላሽ የሚቀበል ቴሌቪዥን ያለበት ቤት አይጠፋም። ከስድስት እስከ አሥር ሰው ይበቃል፤ ለስልክ ስክሪን ከአራት በላይ አይሆንም።

ሕመምተኛው በተኛበት ክፍል ሳትጠይቁ አታሳዩ። በሽታቸው ያልተነገራቸው ሰው ከአልጋቸው ሆነው የሚሞት ሰው ድራማ ቢሰሙ የሚደርሰውን ገምቱ።

የጅማ ዩኒቨርሲቲያችን ተማሪዎች በማኅበረሰብ ተኮር ትምህርታቸው ቤት ለቤት ይሄዳሉ፤ ለማሳየትም ለመምራትም እጅግ ይሆናሉ፤ ቀድማችሁ ግን አንድ ጊዜ አብራችሁ ሥሩ።

የመጀመሪያው ክፍል ሲያልቅ ስክሪኑን አጥፉና ዝም በሉ። ዝምታው ይከብዳል፤ እስከ አሥር ቁጠሩ። ጥያቄያችሁ «ማን ተሳሳተ?» አይሁን። «አክስትየዋ ምን ፈርታ ነው?» በሉ። ያኔ ክፍሉ ውስጥ ያሉት አክስቶች ስለ ራሳቸው ፍርሃት ያወራሉ፣ ማንም ሳይነካቸው። ቀጥሎ «ልጅቱ ምን ትበላት?» ብላችሁ አንዷን አስነሱ፤ ሌላዋ አክስት ትሁን፤ ቃሉን በአፋቸው ይለማመዱት። እኔ ከሰማኋቸው መልሶች የማልረሳው «አክስቴ፣ ካልሰጠኋት እሷ ትሞታለች፣ ከሰጠኋትም ትሞታለች። እያማት አትሙት» ያለችው የአሥራ ዘጠኝ ዓመት ልጅ ነው። ክፍሉ ለጥቂት ጊዜ ጸጥ አለ፤ አክስት ሆና የተቀመጠችው ሴትዮ የተሰጣትን መልስ ረሳችው።

ከዚያ ሁለተኛውን ክፍል አሳዩ። በመጨረሻም እጅ ይሥራ፦ መርፌ የሌለው ሲሪንጅና ውኃ ይዛችሁ እያንዳንዳቸው ይለኩ፣ ወረቀት ላይ 12፣ 4፣ 8 ብለው ይጻፉ።

አንድ ነገር ተዘጋጁበት። ካዩት መካከል የምታስታምመው ሰው ያረፈባት ትኖራለች፤ «እኔ እናቴን አሰቃየኋት ማለት ነው?» ትላለች። «አይ፣ ምንም አላደረግሽም» አትበሏት፣ ውሸት መሆኑን ታውቃለች። እኔ «ያኔ የነገረሽ አልነበረም፤ ያደረግሽው የምታውቂውን ነው» እላለሁና አንድ ሰው አብሯት ውጭ እንዲቀመጥ አደርጋለሁ። ይህን የሚሠራ ሰው ቀድሞ ይመደብ፤ አወያዩ ሁለቱን አይችልም።

9ኛ ደረጃ፦ ሠርቶ እንደሆነ ማየት

ፊልሙ ባለቀበት ደቂቃ የሚሞላ መጠይቅ ብዙም አይነግራችሁም፤ ሰው እንግዳን ማስቀየም አይወድም፣ «በጣም ተምረናል» ይላል። ከአንድና ከሁለት ሳምንት በኋላ ቤታቸው ሂዱ። «እንዴት ነው የምታገላብጪያቸው? አሳዪኝ» በሉ እንጂ «ታገላብጫለሽ?» አትበሉ። ስንት ቤት እንደሄዳችሁ፣ ስንቱ በእጁ እንዳሳያችሁ፣ የትኛው ላይ እንደተደናቀፈ ደብተር ላይ ጻፉ፤ ቀጣዩ ፊልም የሚወጣው ከዚያ ደብተር ነው።

ሞርፊን ላለበት ቤት ደግሞ ሌላ መንገድ አለ። ሲታዘዝ የነበረውን መጠን ከካርዳቸው ላይ እዩ፤ የተሰጠበት ቀን ስንት እንደሆነ ቁጠሩ። ከዚያ «ጠርሙሱን አምጪልኝ» በሉና ከየት እንደሚመጣ ተመልከቱ። ሕፃን የማይደርስበት፣ አስታማሚዋ ግን በጨለማም የምታገኘው ቦታ ከሆነ ደህና ነው። ጠርሙሱን መስኮቱ አጠገብ ወደ ብርሃን ያዙትና የቀረውን አስታማሚዋ በሰጠች ቁጥር ወረቀቱ ላይ ካደረገቻቸው ምልክቶች ጋር አመሳክሩት። ምልክቱ ሁሉ ተሞልቶ ፈሳሹ ካልጎደለ ልጅቱን አትቆጧት፤ አክስትየዋ መቼ እንደምትመጣ ጠይቁና በዚያ ቀን ፊልሙን ይዛችሁ ተመለሱ።